የኢየሩሳሌም የጥሪ ካርዶች

ጋሼ ሳህሉ የሞቱት የሰው ሰርግ እያሳመሩ ነው። ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ የሀበሻ ግሮሰሪ ጀርባ፣ በጠባብ ደረጃ ተወርዶ በሚገባበት የሥራ ክፍል ውስጥ፣ ከደረጃው ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። መነጽራቸው ተሰብሯል፤ አንድ እግራቸው እርከኑ ላይ ቀርቷል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ግን ምንም አልተዛነፈም። የሰርግ ጥሪ ካርዱ ሁሉ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ክር ብቻ እስኪታሰርለት በሥርዓት ተደርድሮ ይጠብቃል።

መርማሪ ሰፊያ መሐመድአወል ከሬሳው በፊት ያየችው ጠረጴዛውን ነው። ይህ ልማዷ ባልደረቦቿን ያናድዳል። ሬሳ የትም አይሄድም፣ ጠረጴዛ ግን ሰው በነካው ቁጥር ይለወጣል ትላለች። የወሎ ልጅ ናት፤ በቶሮንቶ ፖሊስ የነፍስ ግድያ ምርመራ ውስጥ ከርማለች። ሰው ሲዋሻት ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋን የሚወዱት የማያውቋት ብቻ ናቸው።

«ወድቀው ነው» አለ በር ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ በእንግሊዝኛ። «ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ሽማግሌ።»

ሰፊያ ዙሪያውን አየች። በክፍሉ ጥግ በእጅ የተሠራ ወፍራም ወረቀት ተከምሯል፤ እንዳይጣመም ከባድ ከባድ ብረቶች ተጭነውበታል። አንዱን በጓንት አነሳችው። ከሥሩ ያለው ወረቀት ረጥቦ ኖሮ ተኮማትሯል፤ የዝገት ምልክትም ይዟል። ሌሎቹን ብረቶች ተራ በተራ አነሳች። የእነሱ ሥር ደረቅና ንጹሕ ነው።

«ብረት ያጠበ ሰው አለ» አለች። «ወረቀት ቤት ውስጥ ብረት የሚታጠብበት ምክንያት ደግሞ አይታየኝም። ሐኪሙ ጭንቅላታቸውን በደንብ ይይልኝ።»

ሐኪሙ አየ። የገደላቸው ቁስል ከማጅራታቸው በላይ ነበር። በግንባሩ የተደፋን ሰው ደረጃ ከኋላው አይመታውም። ከዚያ ወዲያ ወድቀው ነው የሚል ሰው አልተገኘም።

የሥራ ክፍሉ ባለቤት ሪድዋን ግሮሰሪው ውስጥ ከሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ፎቶ አንሺ ነው፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ጢሙን አሳምሮ የሚቆረጥ ሰው።

«ሥራችሁ ምንድን ነው? እንደማያውቅ ሰው ንገረኝ» አለችው ሰፊያ።

«የጥሪ ካርድ ነዋ፣ እህቴ። ሃንድሜድ። ሙሽሮቹን የወላጆቻቸውን ዘመን ልብስ አልብሼ፣ በቀለም የተሳለ መጋረጃ ፊት አቁሜ አነሳለሁ። ጥቁርና ነጭ አትመዋለሁ። ከዚያ ሻይ ውስጥ እንነክረዋለን፣ ያረጀ እንዲመስል። ጠርዙን በእጅ እንቀደዋለን። ጋሼ ደግሞ ጉንጩን፣ ከንፈሩን፣ የቀሚሱን ጥለት በብሩሽ ይቀቡታል። ወጣት ሳሉ ጎንደር ፎቶ ቤት የሠሩት ይህንኑ ነበር።»

ሰው ሁሉ በስልክ በሚጠራራበት ከተማ፣ ትናንት የተነሣ ፎቶ የሃምሳ ዓመት እንዲመስል ሻይ የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ሰፊያ በልቧ ሳቀች። ቀጥሎ ግን ሳቋን ተወችው፤ ካርዱ በእርግጥ ያምር ነበር። ከፊት ለፊቱ ሙሽሪት ኢየሩሳሌምና ሙሽራው ኪሩ ጎን ለጎን ቆመው ካሜራውን ኮስተር ብለው ያያሉ። ሲከፈት ደግሞ የሙሽሪት እናትና አባት፣ በራሳቸው ሰርግ ቀን፣ በዚያው አቋቋም፣ በዚያው ኩስተራ ይታያሉ። ልጅ እናቷን ለብሳ መቆሟ ነው።

«የወላጆቹ ፎቶ እውነተኛ አሮጌ ነው?»

«አዎ፣ ግን ተጣጥፎ ስለኖረ አለቀለት። ብታዪው ታዝኚያለሽ።» ሪድዋን በእንባው መሐል የሙያ ኩራት ያዘውና ስልኩን አውጥቶ አሳያት። «ይሄ በፊት፣ ይሄ በኋላ። ስካን አድርጌ ስንጥቁን በሙሉ በኮምፒዩተር አጠፋሁት። ግንባሯ ላይ ነበር፣ አንገቷ ላይ ነበር፣ የባልየው ኮት ላይ ነበር። አሁን ምን ይወጣለታል?»

«ምንም» አለች ሰፊያ። «መቼ ነው ጋሼ ሳህሉን በሕይወት ያየሃቸው?»

«ከምሳ በኋላ። ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ፣ ወጣሁ። ያኔ ግማሹ ካርድ አልተቀባም ነበር። ጋሼ ደግሞ አንዱን ሲቀቡ ሻይ ይበርዳል። አንዴ ይቀባሉ፣ ያደርቃሉ፣ እንደገና ይደርባሉ። ሲመሽ ቢጨርሱ ነው ብዬ ነው የሄድኩት። ጨርሰውታል! እስከ ምሽት ድረስ ሠርተዋል ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ እስከዚያ ሰዓት ሚሲሳጋ ከተማ ሰርግ ላይ ነበርኩ፣ ስንት ሰው አየኝ።»

«ጥሩ ነው። ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሪድዋን ዓይኑን ሰበረ። «ቀለሙንም በኮምፒዩተር እናድርገው ብዬ ነበር። ‹እኔ ስሞት› አሉኝ።» እንደገና አለቀሰ። «ግን የተጣላቸውን ሰው ከፈለግሽ፣ ኪሩን ጠይቂው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ከቀናት በፊት ደግሞ በስልክ ሲጮህባቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ኪሩ ዕቃ አመላላሽ ሹፌር ነው፤ ቁመተ ረጅም፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የማያውቅ ልጅ። ካርዱን ሊወስድ ሲመጣ መሽቶ እንደነበር፣ በሩ እንዳልተቆለፈ፣ ከደረጃው ላይ ሆኖ ሲያያቸው ወዲያው ፖሊስ እንደጠራ ተናገረ። ከዚያ በፊት ከሰዓቱን ሙሉ መኪናው ውስጥ ብቻውን ነበር።

«ለምን ጮህክባቸው?»

«ሽማግሌያችን ነበሩ» አለ። «ሁለታችንም ቤተሰቦቻችን ከደብረ ታቦር አካባቢ ናቸው። አባቴ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ አልመርቅም አለ። ጋሼ ሳህሉ አገሩን ስለሚያውቁ የእኔንም የጄሪንም፣ የኢየሩሳሌምን ማለቴ ነው፣ ዘር ቆጠሩና ‹አትገናኙም፣ ተጋቡ› አሉን። ኦኬ አልን፣ አዳራሽ ያዝን። ከዚያ ባለፈው ይደውሉና ‹ቆጠራው እንደገና መታየት አለበት› ይሉኛል! ለምን ስላቸው ‹የምነግርህ እኔ አይደለሁም› አሉኝ። ጮህኩ። አዎ፣ ጮህኩ። ይቅር ይበሉኝ ሳልላቸው ሞቱ።»

ወጣቱ ፖሊስ ሰፊያን ወደ ጎን ወስዶ ሹክ አላት። ጠብ አለ፣ ምክንያት አለ፣ ምሽት ላይ እዚያ ነበር፣ ለከሰዓቱ ምስክር የለውም። ነገ ጠዋት ይያዝ። አለቃዋም በስልክ ይህንኑ አሏት። ሰፊያ አንድ ቀን ስጡኝ ብላ ለመነች፤ ልመና ደግሞ አትወድም።

በማግስቱ ኢየሩሳሌምን ሪጀንት ፓርክ ሰፈር አገኘቻት። ሙሽሮቹ የተከራዩት አዲስ አፓርትመንት ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ስትሪትካሩ፣ የከተማው ባቡር፣ ያልፋል፣ ሳሎኑ ውስጥ ገና ያልተፈታ ካርቶን ሞልቷል። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ዓይኗ አብጧል፤ አነጋገሯ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ኪሩን ልታስሩት ነው አይደል?»

«ገና አልታወቀም።»

«እኔ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነው ያለኝ» አለች ኢየሩሳሌም። «እናቴና ኪሩ። አባቴን አላውቀውም፣ ካርቱም ሳለን ነው የሞተው። አክስት የለኝም፣ አጎት የለኝም። እንግዳ ስንጽፍ የኪሩ ወገን ገጹን ሞላው፤ በእኔ በኩል እማዬ ብቻ። ፕሊስ፣ ሁለቱን አትንኪብኝ።»

ሰፊያ ጥያቄዋን ቀጠለች። «የእናትሽ የሰርግ ፎቶ ከየት ተገኘ?»

«ሻንጣ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ሰርፕራይዝ ላደርጋት ፈልጌ ሳልነግራት ለሪድዋን ሰጠሁት። ስትሰማ በጣም ተናደደች። አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ኋላ ራሷ ‹ይሁን› አለች፤ ካርዱን ለመሥራትም ታግዛቸው ጀመር። ሻዩን የምታፈላው፣ ክሩን የምታስረው እሷ ነበረች። እጇ ወርቅ ነው።»

«ዋናው ፎቶ አሁን የት ነው?»

«ትናንት ጠዋት ወሰድኩት፣ ፍሬም ላስገባው። ይኸው እዚህ ነው።» ከካርቶን ላይ አንሥታ ሰጠቻት። «ያኔ ጋሼ ሳህሉን ለመጨረሻ ጊዜ አየኋቸው። ትክ ብለው አዩኝና ‹ልጄ፣ ነገ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብለን የምናወራው ነገር አለ› አሉኝ። ስለ ሰርጉ ፕሮግራም መስሎኝ ነበር።»

ሰፊያ ፎቶውን ይዛ ወጣች። አውቶቡሱ የዶን ቫሊን ሸለቆ ተሻግሮ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር እስኪደርስ ድረስ ዓይኗን ከላዩ አላነሳችም፤ የታያት የሽማግሌ ፊት የሚመስል ስንጥቅጥቅ ወረቀት ነበር። ከሙሽሪት አንገት ላይ ሦስት የደበዘዙ መስመሮች ያልፋሉ። ፎቶው የታጠፈው ግን ከላይ ወደ ታች ነው፤ እነዚህ ወደ ጎን ናቸው።

ወይዘሮ አሰፋሽ የሚኖሩት ከአንዱ ረጅም ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ነው። ሰውነታቸው ደቃቃ፣ ቤታቸው እንደ ሆስፒታል የጸዳ። ማሞቂያው ይፋጃል፤ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርገውታል፤ ከማዕተባቸው ክር በስተቀር ምንም የሌለበት ለስላሳ አንገታቸው በላብ ያብረቀርቃል።

«ነፍስ ይማር» አሉ ሰፊያ ስትቀመጥ። «መልካም ሰው ነበሩ። ለእኛ ሲሉ ነው የደከሙት።»

«ትናንት የት ዋሉ፣ እትዬ?»

«ምሳዬን እዚሁ በላሁ። ትንሽ አረፍ አልኩ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ለሰንበቴ የምናበስለው ነበር። እስከ ማታ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። ጠይቂያቸው።»

ሰፊያ ጠይቃ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ አይተዋቸዋል፤ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ሲሥቁ፣ ኋላ ደግሞ ለብቻቸው ጥግ ይዘው ሲቀመጡ። የመጡት ግን ከሰዓቱ ካጋመሰ በኋላ ነው።

«ጋሼ ሳህሉ ቆጠራውን እንደገና ልየው ማለታቸውን ሰምተው ነበር?»

«የሽማግሌ ነገር ነው» አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ። «ሲያረጁ የቆጠሩትን ይረሳሉ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ልጁን እንዳትነኪው። ኪሩ አልገደለም።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

«እናት ታውቃለች።»

ሰፊያ ፈገግ አላለችም። ይህኛው ውሸት አልነበረም፤ ለዚህም ነው ከበሩ ስትወጣ ያሳሰባት።

ወደ ዳንፎርዝ ተመለሰችና ካርዶቹን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አየች። መጀመሪያ የተቀቡት የጋሼ ሳህሉ እጅ ናቸው። ጥለቱ ላይ ቀይ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ተደርቧል፣ የጉንጩ ሮዝ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ከመሐል ጀምሮ ግን ቀለሙ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀብቶ የታለፈ ነው። ሥራው ያምራል፣ መስመሩን አልሳተም፤ ግን የቸኮለ ሰው እጅ ነው። ጋሼ ሳህሉ ከሰዓቱን ሙሉ የሚፈጅባቸውን ይህ እጅ በአጭር ጊዜ ጨርሶታል።

የመጨረሻውን ካርድ ስትከፍት ቆመች። ከክምሩ ሥር የተደበቀ ይመስል ነበር። በአሮጌው ፎቶ ላይ፣ ሪድዋን በኮምፒዩተር አጽድቶ ባዶ ባደረገው የሙሽሪት አንገት ላይ፣ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች በአረንጓዴና በጥቁር ድብልቅ ተሥለዋል። ከታችኛው መስመር ሥር ደግሞ ትንንሽ መስቀሎች ተደርድረዋል። ንቅሳት ነው።

ሰፊያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እውነቱ ሲገለጥላት ሁልጊዜ ደስ ይላታል፤ በዚያ ቀን ግን ደስ አላላትም። የአንዲት ልጅ ሁለት ሰዎች ትዝ አሏት።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት አራቱንም እዚያው የሥራ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሪድዋን ከመጋረጃው አጠገብ ቆመ። ኪሩና ኢየሩሳሌም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ወይዘሮ አሰፋሽ ኮታቸውን አውልቀው በወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠልጥለው ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ወጣቱ ፖሊስ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ ሳህሉ አልወደቁም» ብላ ጀመረች ሰፊያ። «በወረቀት መጫኛ ብረት ነው የተመቱት። ገዳዩ አጥቦ መልሶታል፤ ግን እርጥብ ብረት ወረቀት ላይ እንደማይቀመጥ አላሰበም። ሪድዋን፣ አንተ ብትሆን እርጥብ ብረት እዚያ ታስቀምጥ ነበር?»

«እጄ ይቆረጥ!» አለ ሪድዋን።

«አምንሃለሁ። ስለዚህ ገዳዩ የወረቀቱ ጌታ አይደለም። ቀጥሎ ሰዓቱ። ሁላችንም ጋሼ ሳህሉ እስከ ምሽት በሕይወት ነበሩ ብለን አመንን፤ ምክንያቱም ካርዱ አልቋል። ለዚህም ነው ዓይናችን ምሽት ላይ በመጣው ሰው ላይ የተተከለው።»

ኢየሩሳሌም የኪሩን እጅ ጨበጠች።

«ግን ካርዱን የጨረሱት እሳቸው አይደሉም። ሪድዋን፣ እነዚህን ሁለቱን እያቸውና ንገራቸው።»

ሪድዋን ሁለት ካርድ ተቀብሎ ወደ መብራቱ አስጠጋ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄኛው የጋሼ አይደለም» አለ። «አልተደረበም። እንዴት አላየሁትም!»

«ኀዘን ላይ ነበርክ። እንግዲህ ጋሼ ሳህሉ የሞቱት ገና ከምሳ በኋላ፣ አንተ እንደወጣህ ነው። ገዳዩ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጦ የቀረውን ካርድ ቀባ፤ ከዚያ ሰው ወዳለበት ሄደና እስከ ማታ ታየ። ያ ሰው ቀለሙን ያውቃል፤ ብሩሽ መያዝ ያውቃል፤ እዚህ ሲያግዝ ሥራውን አይቷል። ኪሩ፣ አንተ ብሩሽ ይዘህ ታውቃለህ?»

«እኔ መኪና እንኳ ሳጥብ ይጠምምብኛል» አለ ኪሩ። ማንም አልሣቀም።

«እትዬ አሰፋሽ» አለች ሰፊያ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። በሰርግዎ ቀን አንገትዎ ላይ ምን ነበር?»

ወይዘሮ አሰፋሽ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ዓይናቸው ወደ ካርዱ ክምር ሄዶ ተመለሰ። «ምን ይኖራል? ፎቶው ላይ እንደምታይው ነው። ምንም።»

«ከዚያ በፊትስ፣ በልጅነትዎ?»

«ምንም አልኩሽ እኮ።»

ሰፊያ የመጨረሻውን ካርድ ከፍታ ጠረጴዛው መሐል አኖረችው። ሁሉም አጎንብሰው አዩ።

«ንቅሳት» አለ ኪሩ በቀስታ። «የአያቴን ይመስላል።»

«ዋናው ፎቶ ላይ ሦስቱ መስመሮች ደብዝዘው አሉ» አለች ሰፊያ። «ሪድዋን ስንጥቅ መስለውት አጠፋቸው። ስለዚህ የታተመው ካርድ ላይ አንገቷ ባዶ ነው፤ ካርዱን ብቻ የሚያይ ሰው ንቅሳት ሊሥልላት አይችልም። ጋሼ ሳህሉ ዋናውን አይተው አስታውሰውት ይሆናል ብንል፣ ዋናውን በዚያው ቀን ጠዋት ጄሪ ወስዳዋለች። ወስዳው ባይሆን እንኳ፣ እነዚህ መስቀሎች ዋናውም ላይ አይታዩም። በማጉያ ፈልጌ አጣኋቸው። ታዲያ ከየት መጡ? ሴትዮዋን በሕይወት ሳለች፣ ፊት ለፊት፣ አንገቷን እያየ ከኖረ ሰው ነው የመጡት።»

«እናቴ ናታ!» አለች ኢየሩሳሌም። «ራሷ ናት፣ ራሷን ታውቃለች። ምን ችግር አለው?»

ሰፊያ ልጅቷን ለማየት አልደፈረችም። «የእናትሽ አንገት ላይ ንቅሳት አለ?»

«በሌዘር አስጠፍታው ቢሆንስ?» አለ ሪድዋን።

«ያስጠፋች ሴት ‹ነበረኝ፣ አስጠፋሁት› ትላለች። እሳቸው ግን ‹በልጅነቴም ምንም› አሉ። የሰውየው ሞት ምክንያት ይኸው ነው። ጋሼ ሳህሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፊት ሲቀቡ የኖሩ ናቸው። ፎቶው ላይ ያለችው ሴትና እዚህ ሻይ የምታፈላላቸው ሴት አንድ እንዳልሆኑ ለይተዋል። ከዚያ ምን ታያቸው? የቆጠሩት ሰባት ቤት በሌላ ሴት ዘር የተቆጠረ እንደሆነ። ሙሽሮቹ ዘመዳሞች ይሁኑ አይሁኑ ከእንግዲህ አያውቁም። ሽማግሌ ሆነው ዝም ማለት አልቻሉም፤ ግን ለኪሩም አልተናገሩም፣ ለጄሪም አልተናገሩም። መጀመሪያ እናትየው ራሷ ትናገር ብለው ጊዜ ሰጧት።»

ወይዘሮ አሰፋሽ እጃቸውን ዘርግተው ካርዱን ወሰዱ፤ በአውራ ጣታቸው የሙሽሪቷን አንገት ዳሰሱ።

«ጆሮዬን ነው ያዩት» አሉ። «‹የአንቺ የጆሮ ጫፍ ተጣብቋል፣ የእሷ ተንጠልጥሏል፤ ይህች አንቺ አይደለሽም› አሉኝ። ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹ነገ ንገሪያት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› ብለው ደረጃውን ሊወጡ ዞር አሉ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር። ወረቀቱን ላግዛቸው አንሥቼው።»

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምትይው?»

«ካርቱም ሳለን ቤታቸው ነበር የምሠራው» አሉ ሴትዮዋ፣ ለሰፊያ ሳይሆን ለልጅቷ። «አንቺን እኔ ነበርኩ የማዝልሽ። አባትሽ ሞተ። የካናዳው ወረቀት ደግሞ ለእሷና ለአንቺ ወጣ፤ ወረቀቱ ሲመጣ እሷ በወባ ተኝታለች። ‹ስሜን ውሰጂና ልጄን ይዘሽ ውጪ› አለችኝ። በእመብርሃን አስማለችኝ። ነጮቹ የሁለታችንን ፊት መች ለዩት? ቀብሬያት መጣሁ። ሁለት ዓመትሽ ነበር፤ እማዬ አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ የትኛው ቀን ነው ‹አይደለሁም› የምልሽ?»

«ለምን ንቅሳቱን ሣሉት?» አለች ሰፊያ። ማወቅ አላስፈለጋትም፤ ግን ጠየቀች።

«አላሰብኩትም። ሁሉንም ስቀባ አንገቷ ባዶ ሆኖ አሳዘነኝ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ ሣለው። ሳየው ራሷን መሰለችኝ። ልቅደደው ብዬ አነሳሁት። እንዴት አድርጌ ፊቷን ልቅደድ? ከሥር ከተትኩት።»

ሪድዋን ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ። ኪሩ ተነሣ፤ ከዚያ የት እንደሚሄድ ስላላወቀ እዚያው ቆመ። የሙሽሪቷ እጅ አግዳሚው ላይ ብቻውን ቀረ፤ ኪሩ አልጠላትም፣ ግን አባቱን፣ ቆጠራውን፣ ነገ የሚባለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እያሰበ እንደነበር ፊቱ ላይ ይነበባል። ሰፊያ ያንን ፊት አይታ ሥራዋን ጠላችው። ንጹሑን ልጅ ከእስር አድናለች፤ የዳነው ግን ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሊነግራት አይችልም።

ኢየሩሳሌም አላለቀሰችም። «ስሟ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«አሰፋሽ። ስሙ የእሷ ነው።»

«የአንቺስ?»

ሴትዮዋ አፋቸውን ከፍተው ዘገዩ። ለረጅም ዘመን ማንም ያልጠራው፣ ራሳቸውም ያልጠሩት ስም ነው። «ጸሐይወርቅ» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ መፍራት ብለው።

ወጣቱ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። ወደ ደረጃው ሲራመዱ ኢየሩሳሌም ከአግዳሚው ተነሥታ ተከተለቻቸው፤ ሰፊያ ልታቅፋቸው መስሏት መንገድ ለቀቀችላት። ሴትዮዋም መስሏቸው ዞሩ፤ ክንዳቸው ሊያቅፋት ከጎናቸው ተላቅቆ ነበር። ልጅቷ ግን ከወንበሩ ላይ የቀረውን ኮት አንሥታ ዘረጋችላቸው፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃ።

«ወይዘሮ ጸሐይወርቅ» አለች፣ «ኮትዎን ይልበሱ። ውጭ ብርድ ነው።»